ክርኑ ላይ ያለው እጥፋት

የተከበራችሁ የሐዘኑ ባለቤቶች፣ የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ጎረቤቶች፣ ከሩቅም ከቅርብም እግራችሁን ያነሳችሁ ወገኖች፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ። ፀሐዩ በርትቷል፤ መቆሙም እንዳደከማችሁ አያለሁ። በእንዲህ ያለ ቦታ ብዙ አልቆይም ማለት የተለመደ ነው። እኔ ግን ትንሽ እቆያለሁ። ታገሡኝ። የምናገረው ነገር አሥራ አንድ ዓመት የዘገየ ነውና ሩብ ሰዓት ብትጨምሩልኝ ብዙ አይደለም።

ለማታውቁኝ፣ እኔ በጦር ሙዚየሙ ምድር ቤት፣ የደንብ ልብስ ክፍል የምሠራ ሴት ነኝ። ዛሬ የምንሸኛቸው ሰው አስተማሪዬ ነበሩ። እሳቸው እኔን “ካውያ” ይሉኝ ነበር። እኛ ደግሞ እሳቸውን ጋሽ ቀስ በሉ እንላቸዋለን።

ቀስ በሉ። ስንቶቻችን ነን ይህችን ቃል ከአፋቸው ያልሰማን? ደረጃ ስንወርድ፣ ቀስ በሉ። ሻይ ስናማስል፣ ቀስ በሉ። ደመወዝ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው የገንዘብ ያዡ በር ላይ ስንሰለፍ እንኳ፣ ቀስ በሉ። ሹፌራችን እዚያ ጋ ቆሟል። አንድ ቀን እሳቸውን ቤታቸው ሲያደርስ በእግሩ የሚሄድ ሰው ቀድሞት እንደነበር ይምላል። አሁን ራሱን እየነቀነቀ ነው፤ እንግዲህ እውነት ነው ማለት ነው።

ክፍላችንን ያላያችሁት ትበዛላችሁ። አሥራ ሰባት ደረጃ ወርዳችሁ በስተግራ ነው። መስኮት የለውም፤ ብርሃን ጨርቅ ይበላል። መሀሉ ላይ በነጭ አቡጀዲ የተሸፈነ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ዙሪያውን ሰፋፊ መሳቢያዎች ናቸው። በየመሳቢያው ውስጥ አንድ አንድ ሰው ተኝቷል። ልብስ ተኝቷል ማለቴ ነው፤ እሳቸው ግን ልብስ አይሉም ነበር። “ሰባተኛው መሳቢያ ያለው ልጅ ኮሌታው አልተመቸውም” ይላሉ። “ያቺን ነርስ ዛሬ እናገላብጣት” ይላሉ። መጀመሪያ ስሰማቸው እኚህ ሰውዬ ትንሽ ነካ ያደርጋቸዋል እንዴ ብዬ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

የመጀመሪያ ቀኔን ልንገራችሁ። እኔ ከላውንደሪ ነው የመጣሁት። አሥራ አንድ ዓመት ስተኩስ ኖሬአለሁ። በቀን ስልሳ ሸሚዝ። እጥፋት የሚባል ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። እናም የራሴን ካውያ በቦርሳዬ ይዤ ወረድኩ። አይተው፣ “ይሄ ምንድነው ልጄ?” አሉኝ።

“ካውያ ነው ጋሼ። እዚህ ጥሩ ካውያ ላይኖር ይችላል ብዬ ነው።”

ተቀበሉኝ። በእጃቸው መዘኑት። “ጥሩ ክብደት አለው” አሉ። እኔ ደስ አለኝ። ከዚያ ወስደው በሩ ስር አቆሙት። የክፍላችን በር ለብቻው እየሄደ የሚዘጋ በር ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ መዘጋቱን ተወ። ሹሉን ወደ ግድግዳው፣ እጀታውን ወደ እኛ አድርገው ነበር ያቆሙት። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው።

“ምነው ጋሼ?” አልኳቸው።

“እነዚህ ልጆች በዘመናቸው የበቃቸውን ያህል ተተኩሶባቸዋል። አንቺ ደግሞ አትድገሚባቸው” አሉኝ።

ካውያ የተባልኩት ያን ቀን ነው። በዚያው ሰሞን፣ “አንቱ ስትዪኝ ጉልበቴን ያመኛል፣ አንተ በይኝ” አሉኝ። “እሺ፣ እንዳሉኝ አደርጋለሁ” አልኳቸው። ሳቁብኝ። እስካሁን አልደፈርኩም።

ሥራው እንዴት ነበር መሰላችሁ? ከስልሳ፣ ከሰባ ዓመት በፊት የተለበሰ የወታደር ልብስ ይመጣል። ሣጥን ውስጥ ታጥፎ የኖረ። እጥፋቱ ደርቆ ሊሰበር የደረሰ። መጀመሪያ ይታያል። አይነካም፣ ይታያል። ሱፍ ነው? ካኪ ነው? ቀለሙን ይለቃል? እርጥብ ጥጥ ከብብቱ ስር ነካ ይደረጋል፤ ጥጡ ቀለም ከያዘ ውሃ የሚባል አይቀርበውም። ሜዳሊያው ይወልቃል። ናስ ቁልፎቹ ስር ወረቀት ይገባል። ከዚያ እንፋሎት፤ ከአንድ ክንድ ርቀት። እንፋሎቱን መጀመሪያ በገዛ እጃቸው ጀርባ ይሞክሩታል። “እኔን ካቃጠለ እሱንም ያቃጥለዋል” ይላሉ። ጨርቁ እርጥበቱን እስኪጠጣ ይጠብቃሉ። በመዳፋቸው ይዳብሱታል፤ አይጎትቱትም። በመጨረሻ አሸዋ የተሞሉ ትንንሽ ከረጢቶች እጥፋቱ ላይ ያኖራሉ። “አይጫንም፣ ይቀመጣል” ይሉኝ ነበር። አንድ ኮሌታ ሁለት ቀን ይፈጃል።

“በሁለት ቀን እኮ እኔ መቶ ሃያ ሸሚዝ እተኩሳለሁ ጋሼ” አልኳቸው አንዴ።

“ከመቶ ሃያው ስንቱን ታስታውሻለሽ?” አሉኝ።

የአሸዋውን ከረጢት አቀበልኳቸው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። አንድ ጃኬት ነበረን። ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ። የአንድ የሬዲዮ ሠራተኛ ወታደር ጃኬት ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ መነጋገሪያውን በቀኝ እጁ ይዞ፣ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ክንዱን አጥፎ ነው የኖረው። ሳይመለስ ቀረ። ጃኬቱ ተመለሰ። ቀኝ እጅጌው ላይ፣ ክርኑ ጋ፣ አራት ጥልቅ እጥፋቶች ነበሩት። ግራው ለስላሳ ነው። ቀኙ አራት።

ይህን ጃኬት ለጋሼ በእጃቸው ያስረከቡት የልጁ እህት ናቸው። “አደራ” ብለው። በየዓመቱ ይመጡ ነበር። ጋሼ መሳቢያውን ይስቡላቸዋል፣ ነጭ ጓንት ያጠልቁላቸዋል፣ ወንበር ያቀርቡላቸዋል። እሳቸው ሌላውን አያዩም። ጣታቸውን ክርኑ ላይ ያሳርፋሉ። አራቱን እጥፋት አንድ በአንድ ይዳስሳሉ። “ቤትም እንዲሁ ነበር፤ ክንዱን አጥፎ፣ አገጩን ደግፎ ካልሆነ አይቀመጥም” ይላሉ። ከዚያ ተነስተው ይሄዳሉ። አሥር ደቂቃ አይሞላም።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ያኔ ከገባሁ ገና አምስት ወር ነው። ስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ነበረኝ። እህትየው በዚያ ዓመት ገና አልመጡም።

በዚያ ሰሞን ሙዚየሙ ትልቅ ዐውደ ርዕይ ሊከፍት ሆነ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ጋሼ አያት ሊሆኑ ነው፤ ልጃቸው ምጥ ይዟት ሐኪም ቤት ገባች። አሥራ ሰባቱን ደረጃ ያን ቀን ብቻ ሲሮጡ አየኋቸው። በሄዱ በማግስቱ የያኔው ኃላፊያችን ወርደው፣ “እነዚህ ልብሶች ለመክፈቻው እንደ አዲስ ይሁኑልኝ” አሉ። ጃኬቱንም ከሌሎቹ ጋር ጠረጴዛው ላይ አወጣሁት። የኮሌታውን እጥፋት ጋሼ እንዳስተማሩኝ በእንፋሎት አወጣሁ። የጀርባውንም። እጅጌው ግን እምቢ አለኝ። እንፋሎት ሰጠሁት፣ አሸዋ አስቀመጥኩበት፣ ጠበቅኩ፤ እጥፋቱ ተመልሶ ይመጣል። ሰዓቱ ሄደ። እጄን በላኝ።

በሩ ስር የቆመውን ካውያ አነሳሁ። በሩ ከኋላዬ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ልጅ አልነበርኩም፤ ሥራዬን አውቃለሁ። እርጥብ አቡጀዲ ደረብኩበት። ሙቀቱን ዝቅ አደረግኩት። አንድ ክር አልተቃጠለም። ሱፉ አላብለጨለጨም። ቀለሙ አልተነካም። አራቱም እጥፋቶች ወጡ። እጅጌው ቀጥ አለ። አሥራ አንድ ዓመት ከተኮስኩት ሁሉ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ሥራ ሠርቼ አላውቅም ነበር። ጋሼ ሲመጡ እስካሳያቸው ቸኩዬ ነበር። ካውያውንም ቦታው መለስኩት።

ጋሼ የተመለሱት በመክፈቻው ጠዋት ነው። ጃኬቱ ቀድሞ የማሳያው መስተዋት ውስጥ ገብቷል። ክፍላችን በር ላይ ቆሙና፣ ገና እንኳን ደስ ያለዎት ልላቸው ስል ወደ ታች አዩ። ካውያው ዞሮ ነው የቆመው። ሹሉ ወደ እኛ። “ምኑን ነው?” አሉኝ። ነገርኳቸው፤ እየሳቅኩ ነው የነገርኳቸው። “ቀኝ እጅጌውን?” አሉ። ከዚያ፣ “ውሃ ስጪኝ” ብቻ ነው ያሉት።

እህትየው የመጡት በዚያው ቀን ከእንግዶቹ ጋር ነው። መነጽራቸውን አድርገው መስተዋቱን ተጠጉ። ቆዩ። “የኔ ወንድም የታለ?” አሉ።

“ይኸውልዎ እናቴ” አልኩ እኔ። ኮራ ብዬ።

“ይሄ አይደለም።” ከስሩ የተጻፈውን አነበቡ። ደግመው አነበቡ። “ስሙስ የሱ ነው” አሉ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሩ። “ክንዱን ምን አደረጋችሁት?”

ወገኖቼ፣ ብዙ ስድብ ሰምቼ አውቃለሁ። ላውንደሪ የሠራ ሰው ስድብ አይቸግረውም። እንደዚያች ጥያቄ ያለ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። ኃላፊያችን እየሮጡ መጡ። እንግዶች ቆመው ያያሉ። “ማነው ይህን ልብስ የነካው?” አሉ ኃላፊው። አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር። ጋሼ ቀደሙኝ። በሕይወታቸው ሰው ቀድመው የተናገሩት ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

“እኔ ነኝ። ለፈቃድ ከመውጣቴ በፊት የሠራሁት ነው” አሉ።

እኔስ ምን አልኩ? ምንም። አፌን ዘጋሁት።

“አደራ በላህ” አሏቸው እህትየው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። “አደራ በላህ።” ጋሼ አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ታውቁታላችሁ ግን ተሳስታችሁ ነው የምታውቁት። ሠላሳ ዓመት ከሠሩበት ክፍል አውጥተው መግቢያው ጋ ያለው የኮት ማስቀመጫ ላይ አደረጓቸው። የእንግዳ ኮትና ጃንጥላ እየተቀበሉ፣ ቁጥር እየሰጡ፣ አምስት ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ። የክፍሉ ቁልፍ ለእኔ ተሰጠ። የሙከራ ጊዜዬም አልቆ ቋሚ ሆንኩ።

እዚያስ ምን ሲሠሩ ነበር? የዝናብ ኮት ይቀበላሉ፣ ትከሻውን በጥጥ ጨርቅ ሞልተው ይሰቅሉታል። እንግዳው አንድ ሰዓት ዞሮ ሲመለስ ኮቱ ሲመጣ ከነበረው ይልቅ ደህና ሆኖ ይጠብቀዋል። ከቁጥሩ ጋር ደግሞ ትንሽ ወረቀት አለች። “ሁለተኛው ቁልፍዎ ላልቷል።” “ገበሩ በብብት በኩል ተተርትሯል፣ ሳይብስ ያሰፉት።” አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ፣ “ኪሴን ማን ፈተሸው?” ብላ ጮኸች። ወረቀቷ ላይ፣ “ኪስዎ ቀዳዳ አለው፤ የወደቁትን ሁለት ሳንቲሞች ከገበሩ ውስጥ አውጥቼ በላይኛው ኪስ አድርጌያቸዋለሁ” የሚል ነበር። አስታወሳችሁ? ስቀን ነበር። እኔም ስቄ ነበር። ቁልፋቸውን በኪሴ ይዤ።

አንድ ጠዋት አልቻልኩም፤ ኮቶቹ መሀል ገብቼ፣ “ለምን?” አልኳቸው።

“አንቺ ስድስት ወር አልሞላሽም። እኔን ቢያነሱኝ ወደዚህ ነው። አንቺን ቢያነሱሽ ወደ ውጭ ነው” አሉ። አንድ ካፖርት አራገፉና ቀጠሉ። “ግማሹ ጥፋት ደግሞ የኔ ነው። የሣጥን እጥፋት እንዴት እንደሚወጣ አስተማርኩሽ። የሰው እጥፋት እንዳይነካ አልነገርኩሽም። ልነግርሽ ነበር። ቀስ እያልኩ ነበር።”

ይኸው ነው ትምህርቱ። ሣጥን ያጠፈውን አውጣው። ሰው ያጠፈውን ተወው። አሁን ለሚገቡ ሠራተኞች ሁሉ የመጀመሪያ ቀን እነግራቸዋለሁ። ከማን እንደተማርኩት እነግራቸዋለሁ። በምን እንደተማርኩት ግን አልነገርኳቸውም።

“ለእህትየው ግን አንድ ቀን ንገሪያት” አሉኝ። “ለኔ ብለሽ አይደለም። ሰውየው አውቆ ነው ብላ እንዳትኖር ነው። ቀስ ብለሽ ንገሪያት።”

ቀስ ብለሽ። ያችን ቃል ይዤ አሥራ አንድ ዓመት ተደበቅኩባት። መጀመሪያ ቋሚ ልሁን አልኩ። ቀጥሎ ኃላፊው ይቀየሩ አልኩ። ተቀየሩ። ቀጥሎ ጋሼ ጡረታ ይውጡ አልኩ። ወጡ። ቀስ በይ አሉኝ እንጂ ቅሪ አላሉኝም። የዛሬ ወር ልጠይቃቸው ሄጄ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። “ነገርሻት?” አሉኝ። “ገና ነኝ ጋሼ” አልኳቸው። “እሺ” አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀስ በይ አላሉኝም።

የጋሼ ልጅ፣ እህቴ፣ ወደዚህ ተመልከቺ። ቤታችሁ ስንት ጊዜ መጣሁ? ስንት ጊዜ እንጀራ ቆርሰሽ አጎረስሽኝ? አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጠሽ፣ “አባዬ እኮ እጁ ደክሞ ነው ያን ልብስ ያበላሸው። እኔ ነኝ በጊዜ ጡረታ ውጣ ማለት የነበረብኝ” አልሽኝ። እኔ ሻዬን ጠጣሁ። እሳቸው እዚያው ነበሩ፤ ሰምተዋል። “ልጄ ልክ ነች” አሉ። የአባትሽ እጅ አልደከመም። እስከ መጨረሻው ቀን አልደከመም። አንቺ ስትወልጂ እጅሽን ይዘው ነበር፤ ጃኬቱ አጠገብ አልነበሩም። ልጅሽ ዘንድሮ አሥራ አንድ ሞላት። ውሸቴ እኩያዋ ነው።

እናቴ፣ እዚያ ከኋላ በምርኩዝ የቆሙት። ሰው ዞሮ እንዲያይዎ አልፈልግም ነበር፤ ግን መናገር አለብኝ። ትናንት በርዎን ሳንኳኳ፣ ከሙዚየሙ ነኝ፣ ሰውየው አረፉ ስልዎ፣ “ነፍስ ይማር። ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?” አሉኝ። ስለ ወንድምዎ ክንድ የምናገረው አለ ብዬ ለመንኩዎት። ይኸው ተናገርኩ። ጋሼ ሁለት ጊዜ ደጅዎ መጥተው አልከፈቱላቸውም፤ አልፈርድብዎትም። ቢከፍቱላቸውም “እኔ ነኝ” ነበር የሚሉዎት። አደራ የበላሁት እኔ ነኝ። አፈር ሊለብሱ ነውና ይህ ስም አብሯቸው እንዳይገባ። ጃኬቱን ወደ ቀድሞው ልመልሰው ብዙ ሞክሬአለሁ። ክንዴን አስገብቼ ለማጠፍ ሁሉ አስቤ አውቃለሁ። ግን የሚሆነው የኔ እጥፋት ነው፤ የወንድምዎ አይሆንም። ስለዚህ የምመልስልዎ ነገር የለኝም። ይቅር ይበሉኝ ማለት ዛሬ አላበዛም። ቢሰድቡኝም ይገባኛል። ለእሳቸው ብቻ አንድ ነገር ይናገሩላቸው። ከፈለጉ በሆድዎ።

አሁን ልሰናበት።

ጋሼ፣ አንተ በይኝ ብለኸኝ ነበር። ይኸው አልኩህ። ዘገየሁ፤ በሁሉም ነገር ዘገየሁ። ከአንተ የተማርኩት ቀስ ማለትን ሳይሆን መዘግየትን ሆነብኝ። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን የተረዳሁት ከትናንት ወዲያ ስልኩ ሲደወል ነው።

አፈሩን የምትመልሱ ወንድሞቼ፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። አትወርውሩበት። አይጫንም፣ ይቀመጣል።

ትናንት ልጅህ ሱፍህን አምጥታ ሰጠችኝ። ያን ግራጫውን፤ ቁምሳጥን ውስጥ ታጥፎ የከረመውን። “አንቺ ታውቂበታለሽ፣ አባዬ ነገ ለብሶት የሚሄደው ነውና ተኩሽልኝ” አለችኝ። አልተኮስኩትም። መጀመሪያ አየሁት። እንፋሎቱን በእጄ ጀርባ ሞከርኩት። የቁምሳጥኑን እጥፋት ከኮሌታውም ከጀርባውም አወጣሁልህ። እጅጌው ላይ ስደርስ ክርኖችህ ነበሩ። ሁለቱም። ኮት ተቀብለህ ስትሰቅል፣ ተቀብለህ ስትሰቅል የታጠፉ።

ያንተን አልነካሁትም ጋሼ። ይዘኸው ሂድ።